ጉርሻ ወይስ ደመወዝ?

(ከሆቴልና ቱሪዝም ማኔጅመንት 3ኛ ዓመት ተማሪ)



ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን የቡድን አሳይመንት ሲያከፋፍሉ ለእኛ ቡድን የደረሰው ርዕስ "በክሩዝ መርከቦች ላይ ያለው የጉርሻ አሠራርና የአገልግሎት ጥራት" የሚል ነበር። ርዕሱ ሲነበብ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። "ባሕር ሳይኖረን የምን መርከብ ነው?" ያለም አልጠፋ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። እኔ የማውቀው ነገር ቢኖር ሐይቅ ላይ የሚንሸራሸር ጀልባ ነው፤ እሱም ላይ የወጣሁት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ሥራውን ስንጀምር ግን ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ምክንያቱም መርከቡ ላይ ያገኘነው ነገር እኔ አፓረንት በወጣሁበት ሆቴል ያየሁት፣ ይባስ ብሎም በገዛ እጄ ያደረግሁት ሆኖ ቁጭ አለ። አሳይመንቱን አቅርበን ውጤታችንን ተቀብለናል። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣ ስላለ በዚህች ገጽ ላወጣው ወሰንኩ።

በቅድሚያ ስለ መርከቡ ጥቂት ልበል። ክሩዝ መርከብ ዕቃ ጭኖ ከወደብ ወደብ የሚመላለሰው ዓይነት አይደለም። ተንሳፋፊ ሆቴል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ሥራ የጀመረው "አይከን ኦፍ ዘ ሲስ" የተባለው የሮያል ካሪቢያን መርከብ ጢም ብሎ ሲሞላ እስከ 7,600 መንገደኞችን ይይዛል። ሠራተኞቹ ደግሞ 2,350 ያህል ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ መርከቡን የሚነዱትና ሞተሩን የሚጠብቁት ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት እንደ እኛ የሆቴል ሰዎች ናቸው፤ አስተናጋጅ፣ ወጥ ቤት፣ የመኝታ ክፍል ሠራተኛ፣ ባሬስታ፣ ልብስ አጣቢ።

በእነዚህ መርከቦች ላይ የሚሠሩት በብዛት ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያና ከሕንድ የሄዱ ናቸው። አንድ ኮንትራት እንደ ሥራው ዓይነት ከ6 እስከ 9 ወር ይዘልቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ የሚባል ነገር የለም፤ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀውና በነሐሴ 2013 በሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ኮንቬንሽን ለአገሮች ሁለት መለኪያ በአማራጭ ሰጥቷል። አንደኛው ሥራው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14፣ በሳምንት ከ72 ሰዓት እንዳይበልጥ ነው። ሁለተኛው ዕረፍቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10፣ በሳምንት ከ77 ሰዓት እንዳያንስ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ይህ ሠራተኛውን ለመጠበቅ ተብሎ የወጣ ሕግ ነው! እኛ አፓረንት ላይ ስምንት ሰዓት ቆመን ስንውል እግራችን ሲያብጥ ምን እንል እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

ወደ ጉርሻው ልምጣ። ድሮ አሠራሩ ቀላል ነበር። መንገደኛው በጉዞው የመጨረሻ ምሽት ፖስታ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ከትቶ ለአስተናጋጁ፣ ለረዳት አስተናጋጁና ክፍሉን ላጸዳለት ሠራተኛ በእጁ ይሰጣል። ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያስተናገደው ያው ሰው ስለሆነ ይተዋወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ኖርዌጂያን የተባለው ኩባንያ መንገደኛው በፈለገው ሰዓትና በፈለገው ምግብ ቤት እንዲመገብ የሚፈቅድ "ፍሪስታይል" የሚባል አሠራር አመጣ። ታዲያ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ካስተናገደህ ፖስታውን ለማን ትሰጣለህ? እንዲህ እንዲህ እያለ ጉርሻው በየቀኑ ከመንገደኛው ሒሳብ ላይ በራሱ ጊዜ የሚቆረጥ ሆነ።

ስንት ይቆረጣል? ካርኒቫል እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ለመደበኛ ክፍል በነፍስ ወከፍ በቀን 16 ዶላር አደረገው። ሮያል ካሪቢያን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ 18 ዶላር አስገባው። አራት ሆነው ለሰባት ሌሊት የሚጓዙ ቤተሰቦች በ16 ዶላሩ ቢሰላላቸው እንኳ 448 ዶላር ይመጣባቸዋል። መጠጥ ሲታዘዝ ደግሞ በእያንዳንዱ ላይ በመቶኛ የሚሰላ ክፍያ ይታከላል። ይህን የማይፈልግ መንገደኛ በብዙዎቹ ኩባንያዎች እንግዳ መቀበያው ዘንድ ሄዶ ማስቀነስ ወይም ጭራሽ ማስነሣት ይችላል።

እንግዲህ ጥያቄዬ እዚህ ላይ ይጀምራል። ይህ ነገር ጉርሻ ነው ወይስ ደመወዝ?

በእኛ ቋንቋ ለአስተናጋጅ የሚሰጠው ቲፕም ጉርሻ ነው፤ እንጀራ ጠቅልሎ ሰው አፍ ውስጥ መክተትም ጉርሻ ነው። ሁለቱ አንድ ስም የያዙት በከንቱ አይመስለኝም። ማጉረስ የሚባለው አጉራሹ ወዶ፣ ጎራሹም አፉን ከፍቶ የሚሆን ነገር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ሰው የሚጎርሰው ገበታ ላይ ቀርቦ ነው። የራሱ ድርሻ እንጀራ ፊቱ አለ፤ ጉርሻው በላዩ ላይ የሚጨመር ፍቅር ነው። አሁን አንድ ባለቤት ለእንግዶቹ ገበታ ዘርግቶ፣ ለሚያስተናግዳቸው ልጅ ግን ምንም ሳያቀርብለት "አይዞህ፣ እንግዶቹ ሲያጎርሱህ ትጠግባለህ" ቢለው ምን እንለዋለን? ንፉግ ነው የምንለው። ያውም አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል እንጂ ከሒሳብ ላይ የተቆረጠ ጉርሻ ያፋቅራል ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የፑልማን ኩባንያ በመኝታ ባቡሮቹ ላይ ከባርነት የወጡ ጥቁሮችን አስተናጋጅ አድርጎ ቀጠረ። ደመወዛቸው እጅግ አነስተኛ ስለነበር ኑሯቸው በመንገደኛው ጉርሻ ላይ ተንጠለጠለ። እነዚያ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር መሠረቱ። ከአሥራ ሁለት ዓመት ትግል በኋላ በ1937 ከኩባንያው ጋር ውል ተፈራረሙ። የጠየቁት ጉርሻ እንዲጨመርላቸው አልነበረም፤ ደመወዝና የሥራ ሰዓት ነበር። በዚያች አገር ጉርሻ የሚቀበል ሠራተኛ የፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ ግን ከ1991 ጀምሮ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ላይ ቆሞ ቀርቷል። መርከቦቹ ደግሞ ይህችም አትነካቸውም። መንገደኞቻቸው በብዛት አሜሪካውያን ቢሆኑም፣ መርከቦቹ የተመዘገቡት በባሃማስ፣ በፓናማ፣ በቤርሙዳና በመሳሰሉት አገሮች ነው። ስለዚህ መርከቡ ማያሚ ላይ መንገደኛ ቢጭንም ለአስተናጋጁ የሚሠራለት የሌላ አገር ሕግ ነው።

"ቆይ እንጂ!" የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። በክፍል ውስጥ ስናቀርብም የመጣብን ጥያቄ ይኸው ነበር። "ጉርሻ ባይኖር ማን ይሮጥልሃል? ጥራቱን የሚያመጣው እሱ አይደለም ወይ?" ተባልን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለት መልስ አለኝ።

አንደኛ፣ ጥናቱ ይህን አያሳይም። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሆቴል ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩት ማይክል ሊን ከማይክል ማኮል ጋር ሆነው በምግብ ቤቶች ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱን አሳትመዋል። በአገልግሎት ጥራትና በጉርሻ መጠን መካከል ግንኙነት አለ፤ ግን እጅግ ደካማ ነው። በጉርሻ መጠን ላይ ከሚታየው ልዩነት ውስጥ ጥራቱ የሚያስረዳው ከ2 በመቶ ያነሰውን ነው። ታዲያ ጉርሻን ከፍ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሌሎች ሙከራዎች እንዳሳዩት አስተናጋጁ ከእንግዳው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሲያናግር፣ ከሒሳቡ ጋር ከረሜላ ሲያመጣ፣ አስተናጋጇ ሒሳቡ ላይ ፈገግ ያለ ፊት ስትስል ጉርሻው ይጨምራል። ምግቡ በጊዜው መጣ አልመጣ፣ ብርጭቆው ንጹሕ ሆነ አልሆነ ከዚህ ውስጥ የለበትም። ጉርሻ የሚያሠለጥነን ሙያውን ሳይሆን ዓይነ ግቡነትን ነው።

ሁለተኛ፣ በመርከቡ አሠራር ጉርሻው የሚቆረጠው አገልግሎቱ መልካም ሆነ ክፉ ነው። የተሰበሰበው ደግሞ ለብዙ ሠራተኛ ይከፋፈላል። እንግዲህ ሁሉም ከከፈለና ለሁሉም ከተከፋፈለ፣ አንዱን ለይቶ "በርታ" የሚል ማበረታቻ መሆኑ የት ላይ ነው? ይህ ደመወዝ ነው። ልዩነቱ ኩባንያው ከትኬቱ ዋጋ ላይ አውጥቶ ትኬቱን ርካሽ ማስመሰሉ ብቻ ነው። በአንጻሩ እንደ ሲቦርንና ሲልቨርሲ ያሉት የቅንጦት ኩባንያዎች ጉርሻን በዋጋው ውስጥ አካተውታል፤ ለመንገደኛው ቁጥር የሚመድቡት ሠራተኛም ብዙ ነው። አገልግሎታቸው ወደቀ ሲባል አልሰማንም፤ እንዲያውም ሰው የሚያመሰግነው የእነሱን ነው። ጥራት የሚመጣው በቂ ሰው ሲመደብ፣ ሠራተኛው ሲሠለጥንና ሲያርፍ ነው ማለት ነው።

አሁን ቃል የገባሁትን ኑዛዜ ላምጣ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት አፓረንት የወጣሁት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሆቴል ምግብ ቤት ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት "ጋሼ" እያልን የምንጠራው አንጋፋ አስተናጋጅ ጠራኝና "አንተ ልጅ፣ ትሪ መሸከሙን ትደርስበታለህ፤ መጀመሪያ ዓይንህን አሠልጥን" አለኝ። ዓይን ማሠልጠን ማለት እንግዳ ሲገባ ከጫማው ጀምሮ አይቶ መለየት ነው። ፈረንጅና ዲያስፖራ አንደኛ፣ ነጋዴ ሁለተኛ፣ ጥንዶች ሦስተኛ። ቤተሰብና ሽማግሌ መጨረሻ። ክፋት አልነበረበትም። ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያች በጉርሻው ነበርና እኔንም እንደ ልጁ ማስተማሩ ነው።

አንድ እሑድ ጋቢ የለበሱ አባት ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር ገብተው የእኔ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። በዚያው ሰዓት ከውጭ የመጡ ስድስት ሰዎች አጠገባቸው ተቀመጡ። የሠለጠነው ዓይኔ ሥራውን ሠራ። ለስድስቱ ውኃ አቀረብኩ፣ ሜኑ አስረዳሁ፣ ፎቶ አነሣሁ፣ ሣቅሁ። አባባ ሁለት ጊዜ እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ አየሁ፤ እንዳላየ አለፍኩ። ግማሽ ሰዓት አልፎ ስሄድ እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ ሥራ በዝቶብህ ነው አይደል? አይዞህ፣ ብቻህን ነህ።" ትንሿ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተኝታ ነበር።

ስድስቱ ሰዎች ሲወጡ 300 ብር ተዉ። አባባ መርቀውኝ ብቻ ወጡ። አያችሁ፣ ስሌቱ ትክክል ነበር! ታሪኩ በተቃራኒው ሆኖ አባባ ብዙ ብር ሰጥተውኝ ቢሆን ኖሮ "ትምህርት አገኘሁ" ብዬ በተውኩት ነበር። ግን እንደዚያ አልሆነም። አሠራሩ ሽማግሌን እንድንቅ ከፈለኝ።

ከፈለኝ ማለቴም ውሸት ነው። ማታ ላይ 300ዋ ብር የቲፕ ሣጥን ውስጥ ገባች። በሳምንቱ መጨረሻ ሣጥኑ ሲከፈት ድርሻ ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ ነው ተባለ። አፓረንት አይካተትም። እኔ ለማትደርሰኝ ብር ብዬ ነው አባባን ያስጠበቅሁት።

መርከቡ ላይ ያለው አሠራርና ይህ አንድ ነው የምለው ለዚህ ነው። በፖስታ በሚሰጥበት ጊዜ እንግዳን ከእንግዳ ያስለያያል፤ በሣጥን ወይም በሒሳብ ሲሰበሰብ ደግሞ ማን ስንት እንደደረሰው አይታወቅም። በሁለቱም መንገድ ባለቤቱ "ደመወዝህን እኔ ሳልሆን እንግዳው ይክፈልህ" ብሎ እጁን ይታጠባል።

በአገራችን ሆቴሎች ደረሰኝ ላይ ከ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ሌላ 10 በመቶ "ሰርቪስ ቻርጅ" የምናይበት ጊዜ ብዙ ነው። እንግዳው ያን ሲያይ "ለአስተናጋጁ ከፍያለሁ" ብሎ ያስባል፤ እጁንም ይሰበስባል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በበኩሉ ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ አይቆጥረውም። ትርጉሙ ቀላል አይደለም። ደመወዝ ካልተባለ በደመወዝ ላይ ተመሥርተው የሚሰሉት እንደ ሥራ ስንብት ክፍያ ያሉ ጥቅሞች ሲሰሉ እሱ አይገባም ማለት ነው። ከገቢው የሚበዛው ከእንግዳ የመጣ ሠራተኛ ሲሰናበት የሚያገኘው በትንሿ ደመወዙ ልክ ይሆናል።

ይህን ስል ነገሩ በአንድ ቀን ይለወጣል የሚል የዋህነት የለኝም። ኒው ዮርክ ውስጥ ዳኒ ማየር የተባሉ ታዋቂ የምግብ ቤቶች ባለቤት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በቤቶቻቸው ጉርሻን አስቀርተው በዋጋው ውስጥ አካተውት ነበር። በ2020 ግን መልሰው ፈቀዱት። ጎረቤቱ ጉርሻ እየተቀበለ አንድ ቤት ብቻውን ሲያስቀር ዋጋው ውድ ይመስላል፤ ብዙ ጉርሻ የለመደው አስተናጋጅም ጥሎ ይሄዳል። በሌላ በኩል ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2019 ጀምሮ በየቀኑ የሚቆርጠውን ክፍያ አንሥቶ በትኬቱ ዋጋ ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ አይቻልም ማለትም አይቻልም። የሚቻለው ግን ገበያው አብሮ ሲሄድና ኩባንያው ለሠራተኛው የሚከፍለውን በዚያው ልክ ሲያስተካክል ነው።

ከቡድናችን አባላት አንዷ "እንግዲያው መንገደኛው ሄዶ ያስነሣዋ!" ብላ ነበር። በዚህ አልስማማም። ያን ገንዘብ የሚካፈለው መንገደኛው ያላየው ሰው ጭምር ነው፤ ሌሊት ሲያጥብ ያደረው፣ ድስት ሲፈገፍግ የዋለው። ኩባንያውን የቀጣ መስሎት የእነሱን እራት ይወስዳል። ሥርዓቱ ትክክል አይደለም ማለት በሥርዓቱ የሚኖረውን ሰው መቅጣት አይደለም።

እኛስ ምን እናድርግ? እኔ በበኩሌ ሦስት ነገር እላለሁ።

ለዲፓርትመንታችን፦ ከሆቴሎች ጋር የአፓረንት ስምምነት ስትፈራረሙ አንዲት መስመር ብትጨመር ደስ ይለኛል። ተለማማጅ ተማሪ ከጉርሻ ሣጥን ድርሻ አለው ወይስ የለውም የሚለው በጽሑፍ ይቀመጥ። የለውም ከተባለም ተማሪው በመጀመሪያው ቀን ይወቀው። ሦስት ወር ሠርቶ በመጨረሻው ሳምንት ከሚያውቀው ይሻላል።

ነገ ሥራ አስኪያጅ ለምትሆኑት፦ በደረሰኝ ላይ ሰርቪስ ቻርጅ ብላችሁ የምትሰበስቡትን በየወሩ ስንት እንደሆነና ለማን እንደተከፋፈለ በሠራተኞች ሰሌዳ ላይ ለጥፉት። ወረቀትና መርፌ ቁልፍ ነው የሚፈልገው። የሚያፍርበት ነገር የሌለው ሰው አይፈራውም።

ወደ መርከብ ወይም ወደ ባሕረ ሰላጤው ሆቴሎች ለመሄድ ለምታስቡት፦ አትሂዱ አልልም። ነገር ግን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። የተረጋገጠው ደመወዝ ስንት ነው? ከዚያ ውስጥ ከጉርሻ ይመጣል ተብሎ የታሰበውስ ስንት ነው? እንግዳው ጉርሻውን ቢያስነሣ ጉድለቱን ማን ይሞላል? በተለይ መርከብ ከሆነ ከላይ የጠቀስኩት ኮንቬንሽን ሠራተኛ ለመቀጠር ብሎ ለቀጣሪ ወኪል የአገልግሎት ክፍያ እንዳይጠየቅ ይከለክላል። ከፓስፖርት፣ ከባሕረኛ ደብተርና ከጤና ምርመራ ወጪ ውጭ "ለቦታው" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ ደላላ መሆኑን ዕወቁና በሩን ዝጉ።

ውድ አንባቢያን፣ ጉርሻ ይጥፋ አላልኩም። እንግዳ ደስ ብሎት ኪሱ ገብቶ ቢሰጥ ያስደስታል፤ ይህ ባህላችንም ነው። እኔ የምለው መጀመሪያ እንጀራው ይቅረብ፣ ጉርሻው ከዚያ በኋላ ይምጣ ነው። እንጀራው የቀረበለት አስተናጋጅ የእንግዳን ጫማ የሚያይበት ምክንያት የለውም።

አባባ ዛሬም በሕይወት ካሉ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ አይመስለኝም። ቢሆንም ሳላይ ያለፍኳትን ያችን እጃቸውን አልረሳትም። በሚቀጥለው ዓመት ተመርቄ ሥራ ስገባ ከሁሉም በፊት የምሄደው እንዲህ ያለች እጅ ወደተነሣችበት ጠረጴዛ ነው።

ሐሳቤን የሚቃወም ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ በሚቀጥለው ዕትም እንገናኛለን። ቸር ይግጠመን!